በሕዝበ ውሳኔ ከኅብረት መውጣት፦ የትኛው መንገድ ይሻላል?

አንድ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ከፖለቲካ ኅብረት ሲወጣ ዴሞክራሲ ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄው በተነሳ ቁጥር ተከራካሪው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ሕዝብ ወስኗል፣ ከዚህ በላይ ምን ዴሞክራሲ አለ?» ይላል። ሌላው «በአንድ ቀን ድምፅ የትውልድ ዕጣ እንዴት ይወሰናል?» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ጩኸት ይጨምራል እንጂ ክርክሩ ፈቅ አይልም።

እኔ ጥያቄውን መቀየር ይሻላል እላለሁ። በሕዝበ ውሳኔ መውጣት አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት የወጣችበት፣ ኩቤክ ከካናዳ ለመውጣት የሞከረችበት፣ ሞንቴኔግሮ ከሰርቢያ፣ ኤርትራም ከኢትዮጵያ የተለዩበት መንገድ በጣም ይለያያል። ስለዚህ አንዱን ከሌላው አነጻጽሮ የሚሻለውን መምረጥ ይቻላል። ይህን የጻፍኩት ለዚያ ነው። «ዓ.ም» ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሳነጻጽር የማያቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። ድምፅ የሚሰጠው ማን ነው? ወረቀቱ ላይ ያለው ጥያቄ ምን ይላል? ለማሸነፍ ስንት ድምፅ ይበቃል? ከድምፁ በኋላስ ምን ይሆናል? ብዙ ሰው የሚከራከረው በቁጥሩ ላይ ነው፤ 50+1 (ከግማሽ በላይ የሆነ ተራ አብላጫ) ይበቃል፣ አይበቃም እየተባለ። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚከብዱት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው። መራጩ «እንውጣ» ሲል ወዴት እንደሚወጣ ማወቅ አለበት። የሚሸነፈው ወገንም ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት በደንቡ የተስማማ መሆን አለበት።

ብሪታንያ፦ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ቀን፣ 50+1

ጁን 23 ቀን 2016 ብሪታንያውያን «በአውሮፓ ኅብረት እንቆይ ወይስ እንውጣ?» ተብለው ተጠየቁ። 17.4 ሚሊዮን ሰው «እንውጣ» አለ። 16.1 ሚሊዮኑ «እንቆይ» አለ። በመቶኛ 51.9 ለ48.1 ማለት ነው። ከተመዘገበው መራጭ 72 በመቶው ድምፅ ሰጥቷል።

በመጀመሪያ ጥሩውን ጎን እንይ። ድምፁ እንዲሰጥ የፈቀደው የተመረጠ ፓርላማ ነው፤ ሕጉን ያወጣው በ2015 ነበር። ጥያቄው አጭርና ግልጽ ነበር። አገሪቱ በ1973 የያኔውን የአውሮፓ ማኅበር ከተቀላቀለች በኋላ በ1975 «እንቆይ ወይ?» ብላ ሕዝቧን ጠይቃ 67 በመቶው «እንቆይ» ብሎ ነበር። መቆየቱ በሕዝብ ድምፅ ከጸደቀ፣ መውጣቱም በሕዝብ ድምፅ ቢጸድቅ ነውር የለውም።

«ሕዝቡ ተታሏል፣ ስለዚህ ውጤቱ አይቆጠርም» የሚለው ክርክር ለእኔ ደካማ ነው። በእርግጥ በቅስቀሳ አውቶቡስ ጎን ላይ የተጻፈው «በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለአውሮፓ ኅብረት እንልካለን» የሚለው ቁጥር አሳሳች ነበር። ለብሪታንያ ተመልሶ የሚመጣውን ገንዘብ አልቀነሰም። ግን የተጋነነ ቅስቀሳ የሌለበት ምርጫ የትም የለም። በዚህ ምክንያት ውጤት ይሰረዝ ከተባለ የትኛውም ምርጫ አይተርፍም።

ትልቁ ጉድለት ሌላ ቦታ ነው። «መቆየት» ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር። «መውጣት» ግን ብዙ ነገር ነበር። እንደ ኖርዌይ ከኅብረቱ ውጭ ሆኖ በጋራ ገበያው ውስጥ መኖር ይቻላል። በጉምሩክ ማኅበሩ ብቻ መቆየትም ይቻላል። ያለ ምንም ስምምነት ጥሎ መውጣትም ይቻላል። 17.4 ሚሊዮኑ ሰው ከእነዚህ የትኛውን እንደመረጠ ወረቀቱ አይናገርም።

የተከፈለው ዋጋ በኋላ ታየ። የቴሬዛ ሜይ መንግሥት ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ተደራድሮ ያመጣውን ስምምነት ፓርላማው በጃንዋሪ 2019 በ432 ለ202 ድምፅ ጣለው። በማርች ደግሞ ስምንት አማራጮች ለድምፅ ቀረቡ፤ አንዱም አብላጫ አላገኘም። የመውጫው ቀን ሦስት ጊዜ ተራዘመ። አገሪቱ በመጨረሻ የወጣችው ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ነው።

ያን ጊዜ «ሁለተኛ ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ» የሚል ከባድ ግፊት ነበር። ይህን ክርክር ብዙ ሰው እስካሁን ያነሳዋል። የእኔ አቋም እንዲህ ነው፦ ከውጤቱ በኋላ የመጣ ሁለተኛ ድምፅ ለአሸናፊው «እስክትሸነፍ ድረስ እንደግመዋለን» ማለት ይመስላል። ቅሬታውም ተገቢ ነው። የ2015ቱ ሕግ ግን ከመጀመሪያው «አንደኛው ድምፅ ድርድር ለመጀመር ነው፣ ሁለተኛው የድርድሩን ውጤት ለማጽደቅ ነው» ብሎ ቢሆን ኖሮ ማንም ተበደልኩ ማለት አይችልም ነበር። ሁለት ጊዜ መጠየቁ በራሱ ችግር የለበትም። ችግሩ አስቀድሞ አለመነገሩ ነው።

ማን ድምፅ ሰጠ የሚለውም መታየት አለበት። በብሪታንያ የሚኖሩ የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች መምረጥ ይችሉ ነበር። ኑሯቸው በውጤቱ በቀጥታ የሚነካ የአብዛኞቹ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ዜጎች ግን አልተፈቀደላቸውም። ከ15 ዓመት በላይ በውጭ የኖሩ ብሪታንያውያንም እንደዚሁ። ስኮትላንድ በ62 በመቶ፣ ሰሜን አየርላንድ በ56 በመቶ «እንቆይ» ብለው ነበር። ሆኖም ድምፁ የተቆጠረው እንደ አንድ አገር ስለሆነ ሳይፈልጉ ወጡ። ሕጋዊ ነው፤ ቁስሉ ግን ቀርቷል።

ታዲያ ብሬግዚት፣ ማለትም የብሪታንያ መውጣት፣ ዴሞክራሲያዊ ነው? አዎ፣ ነው። ፓርላማ ፈቀደ፣ ሕዝብ ወሰነ፣ ፍርድ ቤትም በ2017 «መንግሥት ብቻውን መውጣቱን ማስጀመር አይችልም፣ ፓርላማ ሕግ ያውጣ» ብሎ የፓርላማውን ሥልጣን ጠበቀ። በዲሴምበር 2019 ደግሞ «ብሬግዚትን እንጨርስ» ያለው የቦሪስ ጆንሰን ፓርቲ ምርጫውን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ግን አወጣጡ በደንብ ያልታሰበበት ዴሞክራሲ ነበር። አንድ አገር ይህን መንገድ ልቅዳ ቢለኝ እንዳለ አትቅዳው እለዋለሁ።

ካናዳ፦ ግልጽ ጥያቄ፣ ግልጽ አብላጫ፣ ከዚያ ድርድር

ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ትምህርት ያለው የኩቤክ ታሪክ ነው።

የካናዳ ክፍለ ግዛት የሆነችው ኩቤክ በ1980 ለመለየት ሞከረች፤ 60 በመቶ ገደማው ሕዝብ እንቢ አለ። ኦክቶበር 30 ቀን 1995 እንደገና ሞከረች። በዚህኛው 50.58 በመቶው «አይሆንም»፣ 49.42 በመቶው «ይሁን» አለ። ከመራጩ 93 በመቶ በላይ ወጥቶ ድምፅ ሰጥቷል። ልዩነቱ ከ55 ሺህ ድምፅ ያንሳል። አንድ ሰፊ አገር ሊከፈል የቀረው ይህን ያህል ነበር።

ጥያቄው ደግሞ ረጅምና ውስብስብ ነበር። ኩቤክ ለካናዳ አዲስ የኢኮኖሚና የፖለቲካ ሽርክና ካቀረበች በኋላ ሉዓላዊ ትሁን ወይ የሚል ነው። በዚያ ላይ አንድ የሕግ ረቂቅና ቀደም ብሎ የተፈረመ ስምምነት ይጠቅሳል። «ይሁን» ያለው ሰው ሙሉ በሙሉ መለየትን ነው የፈለገው ወይስ ሽርክናውን? ከወረቀቱ ማወቅ አይቻልም።

ካናዳ ከዚህ በኋላ ያደረገችው ነገር ነው የሚደነቀው። የፌዴራል መንግሥቱ ጉዳዩን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደው። ፍርድ ቤቱ በ1998 ለሁለቱም ወገን የማይመች መልስ ሰጠ። ለኩቤክ፦ በራስሽ ውሳኔ ብቻ ተነስተሽ መውጣት አትችዪም። ለካናዳ፦ በግልጽ ጥያቄ ላይ ግልጽ የሆነ አብላጫ «እንውጣ» ካለ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት አትችዪም፤ ቁጭ ብለሽ የመደራደር ግዴታ አለብሽ። በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ ጥያቄው ግልጽ መሆን አለመሆኑንና አብላጫው በቂ መሆን አለመሆኑን የሚመዝነው የፌዴራሉ ምክር ቤት ነው አለ።

ሕጉ ችግር አለበት። «ግልጽ አብላጫ» ስንት እንደሆነ ቁጥር አልተቀመጠም። ኩቤክም «50+1 ይበቃል» የሚል የራሷን ሕግ አወጣች። ስለዚህ ነገ ውጤቱ 52 በመቶ ቢሆን ጭቅጭቁ እንደገና ይነሳል። ይህ ክፍተት አሁኑኑ መዘጋት ያለበት ነው። መሠረቱ ግን ልክ ነው። ድምፁ አገር አይከፍልም፤ ድርድር ያስጀምራል። ድርድሩ ውስጥ ዕዳ፣ ድንበር፣ የአናሳዎች መብት ሁሉም ይነሳል።

ስለ አናሳዎች ካነሳን፣ በሰሜን ኩቤክ የሚኖሩት የክሪ ተወላጆች ከዋናው ድምፅ ጥቂት ቀናት ቀድመው የራሳቸውን ሕዝበ ውሳኔ አካሂደው ነበር። 96 በመቶው ከካናዳ አንለይም አለ። ኩቤክ ከካናዳ የመለየት መብት ካላት፣ ክሪዎች ከኩቤክ የመለየት መብት የላቸውም? «ሕዝብ ይወስን» የሚል ሰው ይህን መመለስ አለበት። መልስ ሳይሰጥ የሚያልፍ ተከራካሪ የራሱን ሕዝብ ብቻ ነው እንደ ሕዝብ የሚቆጥረው።

ስኮትላንድ 2014፦ በስምምነት የተደረገ ድምፅ

ይህኛው አጭር ነው፤ ምክንያቱም ብዙም የሚያጨቃጭቅ ነገር የለውም። ለንደን ያለው የብሪታንያ መንግሥትና ኤደንብራ ያለው የስኮትላንድ መንግሥት በኦክቶበር 2012 ስምምነት ፈረሙ። ድምፁን የሚያካሂደው ማን እንደሆነ ተስማሙ። ውጤቱንም ሁለቱም እንደሚያከብሩ ቃል ገቡ። የምርጫ ኮሚሽኑ የጥያቄውን አነጋገር መርምሮ እንዲስተካከል አደረገ፤ «ስኮትላንድ ነፃ አገር መሆን አለባት በሚለው ይስማማሉ?» የሚለው መራጩን ወደ «አዎ» ይገፋል ብሎ «ስኮትላንድ ነፃ አገር መሆን አለባት?» በሚል ተቀየረ። የ16 እና የ17 ዓመት ወጣቶችም ድምፅ ሰጡ። የስኮትላንድ መንግሥት ነፃነት ምን እንደሚመስል ከ600 ገጽ በላይ ጽፎ ለሕዝብ አቀረበ። ተቃዋሚዎቹ በተለይ የገንዘቡን ጉዳይ አጥብቀው ተቹት፤ ቢያንስ ግን የሚተች ነገር ነበር።

55.3 ለ44.7 ሆነ። ድምፅ የሰጠው መራጭ 84.6 በመቶ ነበር። ስኮትላንድ ቆየች፤ የተሸነፈውም ወገን ቆጠራው ተጭበርብሯል ብሎ አገር አልበጠበጠም።

አንድ ጉድለት አለ። ስምምነቱ የአንድ ጊዜ ነበር። በኖቬምበር 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የስኮትላንድ ፓርላማ ያለ ለንደን ፈቃድ ሁለተኛ ሕዝበ ውሳኔ ማድረግ አይችልም አለ። ለንደን ካልፈለገች በሩ ዝግ ነው። የካናዳ ፍርድ ቤት የጣለው የመደራደር ግዴታ እዚህ የለም።

ከ50+1 በላይ ከተጠየቀስ?

ሞንቴኔግሮ በሜይ 2006 ከሰርቢያ ለመለየት ድምፅ ስትሰጥ የአውሮፓ ኅብረት ውጤቱን የሚቀበለው 55 በመቶ ከተገኘ ነው አለ። ከመራጩ ግማሹ ድምፅ እንዲሰጥም ተጠየቀ። የተገኘው 55.5 በመቶ ነው። ለጥቂት! ውጤቱ 54 ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አስቡት፤ ብዙኃኑ «እንለይ» ብሎ ሳለ አናሳው ያሸንፍ ነበር።

እንዲያም ሆኖ የሞንቴኔግሮው መስፈርት ሠርቷል፤ ምክንያቱም ከድምፁ በፊት መንግሥትም ተቃዋሚም ተቀብለውት ነበር። ሰርቢያም ውጤቱን ተቀበለች። ጦርነት አልመጣም።

የተበላሸ መስፈርት ማየት የፈለገ ደግሞ ስኮትላንድን በ1979 ይመልከት። ጉዳዩ መለየት አልነበረም፤ የራስ ምክር ቤት ማቋቋም ነው። 51.6 በመቶው «አዎ» አለ። ግን ሕጉ «ከጠቅላላው የተመዘገበ መራጭ 40 በመቶ» የሚል ነገር ገብቶበት ስለነበር ወደቀ። ቤቱ የተቀመጠው ሰው ሁሉ «አይሆንም» እንዳለ ተቆጠረ። እኔ ከፍ ያለ መስፈርት ቢኖር አልቃወምም፤ ነገር ግን ድምፅ ከሰጠው ሰው ላይ ይቆጠር እንጂ ካልመጣው ላይ አይሁን።

ወደ ራሳችን ጉዳይ፦ ኤርትራና አንቀጽ 39

ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም የተካሄደው የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ውጤቱ 99.8 በመቶ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች ተገኝተውበታል። ድምፅ የሰጡት ኤርትራውያን ናቸው፤ በኤርትራ፣ በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በሳዑዲ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉት።

ብዙ ኢትዮጵያዊ «እኛ አልተጠየቅንም» ይላል። ቅሬታውን እረዳለሁ። ግን ሌላው ኢትዮጵያዊ ድምፅ መስጠት ነበረበት በሚለው አልስማማም። በ2014 ድምፅ የሰጡት በስኮትላንድ የሚኖሩ ብቻ ናቸው፤ እንግሊዞች አልተጠየቁም። በ1952 የተመሠረተው ፌዴሬሽን በ1962 ሲፈርስ የኤርትራ ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ አልተጠየቀም። ከ30 ዓመት ጦርነት በኋላ መጠየቁ ትክክል ነበር።

የጎደለው ሌላ ነው። በኢትዮጵያ በኩል ፈቃዱን የሰጠው የሽግግር መንግሥት እንጂ በምርጫ የመጣ ምክር ቤት አልነበረም። ወረቀቱም ላይ የነበረው «አዎ» እና «አይደለም» ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው ደግሞ የድምፁ ማግስት ነው። ድንበሩ መሬት ላይ አልተከለለም። የወደብ፣ የንግድና የገንዘብ ጉዳይ ጸንቶ በሚቆይ ውል አልታሰረም። የዜግነት ጉዳይ ተድበስብሶ ቀረ። ከአምስት ዓመት በኋላ ጦርነት ተነሳ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ያኔ በኢትዮጵያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ የኤርትራ ተወላጆች ሲባረሩ አንዱ መከራከሪያ «በሕዝበ ውሳኔው ድምፅ ሰጥታችኋል፣ ስለዚህ ኤርትራውያን ናችሁ» የሚል ነበር። በእርግጥ ለድምፁ ሲመዘገቡ የኤርትራ ዜግነት መታወቂያ አውጥተዋል። ከዚያ በኋላ ግን ለዓመታት ብዙዎቹ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ሲንቀሳቀሱና እንደ ዜጋ ሲኖሩ ማንም አልከለከላቸውም። አንድ ቤተሰብ በአንድ ድምፅ መስጫ ወረቀት ምክንያት ሁለት ቦታ ሲከፈል ማየት ከባድ ነው። ድምፁ ነፃ ቢሆንም ማግስቱ ካልታሰበበት ሰው ይጎዳል።

ደቡብ ሱዳንም ከዚህ አልራቀችም። በጃንዋሪ 2011 ከ98 በመቶ በላይ መራጭ መለየትን መረጠ። ሁለቱ ሱዳኖች የሚወዛገቡበት የአብዬ ግዛት ጉዳይ ግን ሳይፈታ ቀረ፤ በዚያው ጊዜ ይደረጋል የተባለው የአብዬ ሕዝበ ውሳኔ አልተካሄደም። ነገር ሳይቋጭ መፋታት እንዲህ ነው።

ወደ አንቀጽ 39 ስንመጣ፣ የእኛ ሕገ መንግሥት በዓለም ጥቂቶች ብቻ ያላቸውን ነገር ይዟል፤ የመገንጠል መብትን ከነሂደቱ ጽፏል። በመጀመሪያ የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ጥያቄውን ይቀበላል። የፌዴራሉ መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። አብላጫው ከደገፈው ሥልጣን ይተላለፋል፤ ንብረትም በሕግ መሠረት ይከፋፈላል።

ሰው ይህን አንቀጽ ወይ ይምልበታል ወይ ይራገመዋል። እንደ አሠራር ሲታይ ግን ጠንካራ ጎን አለው። ሁለት ደረጃ አለው። የማሰቢያ ጊዜ አለው። የንብረት ክፍፍልን ያነሳል፤ ይህ በብሪታንያ የ2015 ሕግ ውስጥ እንኳ አልነበረም። ደካማው ጎኑም ግልጽ ነው። ምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ ሲጠየቅ ሕዝቡ ግን ተራ አብላጫ ይበቃዋል። ከመራጩ ስንት በመቶ ድምፅ መስጠት እንዳለበት አይልም። በክልሉ ውስጥ ለትውልድ የኖረ የሌላ ብሔር ተወላጅ ድምፅ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? አንቀጹ ዝም ይላል። የኩቤኩ የክሪዎች ጥያቄ እዚህ አገር ቢነሳ አንድ መንደር ላይ አያበቃም፤ በየክልሉ አለ።

የማይመረጡት

ካታሎኒያ በኦክቶበር 2017 ያደረገችው ዓይነት ድምፅ አልመክርም። የስፔን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት አግዶት ነበር። መለየቱን የሚቃወሙት አብዛኞቹ ቤታቸው ቀሩ። ድምፅ የሰጠው መራጭ 43 በመቶ ገደማ፣ «አዎ» ያለው 90 በመቶ ሆነ። ፖሊስ መራጩን መደብደቡ አሳፋሪ ነበር፤ መሪዎቹን ለዓመታት ማሰሩም። ግን አንዱ ወገን ያልገባበት ድምፅ የሕዝቡን ልብ አይለካም።

በፈረንሳይ ሥር ያለችው የፓስፊክ ደሴት ኒው ካሌዶኒያም በሌላ በኩል ያንኑ ያሳያል። ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ስምምነት እስከ ሦስት ጊዜ ድምፅ እንዲሰጥ ነበር፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው። በ2018 እና በ2020 «እንቆይ» ያለው ወገን 56.7፣ ከዚያ 53.3 በመቶ አገኘ። በ2021 ግን የካናክ ተወላጆች በኮቪድ ሐዘን ላይ ስለነበሩ ይራዘምልን ቢሉ አልተሰሙም፤ አድማ መቱ። ውጤቱ 96.5 በመቶ «እንቆይ» ሆነ፤ የወጣው መራጭ ግን 44 በመቶ ገደማ ነው። ይህንን ድል የሚለው ካለ ራሱን ያታልላል።

ታዲያ የቱን ልምረጥ?

እንደ ሁኔታው ነው። ኅብረቱ እንደ አውሮፓ ኅብረት በነፃ አገሮች ውል የቆመ ከሆነ 50+1 ይበቃል፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው በሕግ የተጻፈ ሁለተኛ ድምፅ ይኑረው፣ እሱም በድርድሩ ውጤት ላይ። አንድ ክልል ከአገር ልውጣ ካለ የካናዳን የመደራደር ግዴታና የስኮትላንድን የቅድሚያ ስምምነት አጣምሮ መያዝ ከሁሉ ይሻላል። ሕዝቡ ለሁለት እኩል የተከፈለ ከሆነ እንደ ሞንቴኔግሮ ከፍ ያለ መስፈርት ሁለቱም ወገን ተስማምተው ያስቀምጡ። ከጦርነት በኋላ ከሆነ ደግሞ ድምፁ ቢዘገይም ዜግነትና ድንበር ይቅደሙ።

አንቀጽ 39ን በተመለከተ የሚሟገቱ ወገኖች ይሰረዝ ወይስ ይቆይ ከማለታቸው በፊት ሊስማሙባቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። የጥያቄውን አነጋገር የሚመረምረው የትኛው ገለልተኛ አካል ነው? የሌላ ብሔር ነዋሪ ድምፅ አለው ወይ? ከድምፁ በኋላ ስንት ዓመት የመሸጋገሪያ ጊዜ ይኖራል? በሁለቱም ወገን የተወለደ ልጅ ዜግነት የማን ይሆናል? ዕዳውስ በምን ስሌት ይካፈላል? ቼክና ስሎቫክ በ1993 ሲለያዩ ሕዝበ ውሳኔ አላደረጉም፤ ይህ ትልቅ ጉድለታቸው ነው። የጋራ ንብረቱን ግን በአብዛኛው በሕዝብ ብዛት ሁለት ለአንድ አድርገው ተካፈሉ፤ አንድ ጥይት አልተተኮሰም። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ማንም «ልውጣ» ባላለበት ሰዓት መጻፍ ይቻላል፤ ያኔ ማን እንደሚጠቀምበት ስለማይታወቅ ለማዳላትም አይመችም።